ከድረ ገጽ በስክሪን ሪደር ኮፒ ማድረግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮዬ ፈጬ ያለው ቤቴ ኮምፒውተር ሊለማመዱ የሚመጡ ዓይነ ስውር ተማሪዎች፣ እናቶቻቸውና የሰፈሩ ኮፒ ቤት ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነው፤ እኔም የምሠራው በጆሮዬ ነው።

ስክሪኑ የማይታየው ሰው ከድረ ገጽ ላይ እንዴት ኮፒ ያደርጋል?

በኪቦርድ። በቀስት ቁልፎቹ ወደታች ስንል ስክሪን ሪደሩ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም፣ መስመር በመስመር ያነብልናል። የምንፈልገው ቦታ ስንደርስ ሺፍትን ይዘን በቀስቱ እንወርዳለን። የተመረጠውን እያነበበ «ሰሌክትድ» ይላል። ከዚያ ኮንትሮልና ሲ፤ ወርድ ላይ ኮንትሮልና ቪ። አለቀ።

ጀማሪ ሁሉ ኮንትሮልና ኤ ይወዳል። ሙሉውን ገጽ በአንዴ ስለሚመርጥ የቀለለ ይመስላል። ግን ተከትሎ የማይመጣ ነገር የለም፦ ሜኑው፣ ማስታወቂያው፣ «ይህንንም ያንብቡ» የሚለው ሁሉ። ሁለት ገጽ የነበረው ዜና ስድስት ገጽ ሆኖ ቁጭ ይላል። ፋየርፎክስ ወይም ኤጅ ላይ መጀመሪያ ኤፍ9ን ተጫኑ። ገጹ ከፈቀደ ኮተቱ ይራገፍና ዋናው ጽሑፍ ብቻ ይቀራል። ያኔ ኮንትሮልና ኤ ምንም አይልም።

ምን እንደያዛችሁ ከተጠራጠራችሁ ኤንቪዲኤ በሚባለው ስክሪን ሪደር ላይ ኢንሰርትና ሲ ተጫኑ። ክሊፕቦርዱ ላይ ያለውን፣ ማለትም ኮፒ ያደረጋችሁትን፣ ያነብላችኋል። በጣም ረጅም ከሆነ ግን ስንት ፊደል እንደሆነ ብቻ ነው የሚነግራችሁ።

የትኛውን ስክሪን ሪደር ልጫን? አማርኛስ ያነባል?

ገንዘብ ከሌላችሁ ኤንቪዲኤ። ገንዘብ ካላችሁም እኔ ኤንቪዲኤ ነው የምለው። ነጻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ማይክል ከራን የሚባል አውስትራሊያዊ ሲሆን እሱ ራሱ ዓይነ ስውር ነው። ጆውስ የሚባለው ሌላው ስክሪን ሪደር ከኤንቪዲኤ ቀድሞ የነበረ፣ ጠንካራ ፕሮግራም ነው፤ ግን ይሸጣል። ፈቃዱን ካልገዛችሁ 40 ደቂቃ ይሠራና ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ እንድታስነሱት ይጠይቃል። እኛ ሰፈር ኔትወርኩ በደከመበት ማታ 40 ደቂቃ ማለት አንድ ገጽ ማለት ነው።

አማርኛ ያነባል። ከኤንቪዲኤ ጋር የሚመጣው ኢስፒክ የሚባለው ድምፅ አማርኛ ያውቃል። ድምፁ የቆርቆሮ ነው፤ የመጀመሪያ ሳምንት ራስ ያሳምማል። ኋላ ግን ትለምዱታላችሁ፣ ፍጥነቱንም ትጨምሩለታላችሁ። ለስለስ ያለ ድምፅ ከፈለጋችሁ ኤጅ ውስጥ መቅደስና አምሃ የሚባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉ፤ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዩ ስትጫኑ ገጹን ያነቡላችኋል። ኢንተርኔት ይፈልጋሉ። ደግሞም ለማዳመጥ እንጂ ፊደል በፊደል እየሄዱ ለማረም አይሆኑም። ለማረም ያው ቆርቆሮው ይሻላል።

አሥር ገጽ ሺፍት ይዤ ልውረድ? ጣቴ አለቀ እኮ!

አትውረዱ። ኤንቪዲኤ ላይ መጀመሪያው ቦታ ሄዳችሁ ኢንሰርትና ኤፍ9 ተጫኑ፤ ችካል ተከላችሁ ማለት ነው። ከዚያ እንደልባችሁ ተዘዋወሩ። ኤች ከርዕስ ወደ ርዕስ ያዘልላችኋል። መጨረሻው ላይ ስትደርሱ ኢንሰርትና ኤፍ10 አንዴ ከተጫናችሁ ከችካሉ እስከዚያ ያለው ይመረጣል። ሁለቴ ካከታተላችሁ ደግሞ ኮፒ ይሆናል። ጆውስ ላይ ችካሉ ኮንትሮል፣ ዊንዶውስና ኬ ነው፤ መጨረሻው ላይ ኢንሰርትና ስፔስ፣ ቀጥሎ ኤም።

ከብዙ ገጽ የምትለቅሙ ከሆነ እየተመላለሳችሁ አንድ በአንድ ፔስት አታድርጉ። ዊንዶውስና ቪን ተጭናችሁ የክሊፕቦርድ ታሪኩን አንዴ ክፈቱት። እስከ 25 ነገር ይይዝላችኋል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ግን ፒን ካደረጋችሁት በቀር ሁሉም ይጠፋል። መብራት ድንገት ሲሄድ ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ ላይ የነበረ ሰው ይህን አይረሳውም።

ኮፒ ሳደርግ ርዕሱም፣ ደማቁም፣ ሊንኩም፣ ሰንጠረዡም ለምን ይጠፋል?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ራሳቸውን ነው የሚወቅሱት። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።

ድረ ገጽ ስትከፍቱ ስክሪን ሪደሩ ገጹን ለራሱ ይገለብጠዋል። እናንተ በቀስት የምትሄዱት በዚያ ግልባጭ ላይ ነው። የሚያይ ሰው ብራውዘሩ የሚያሳየውን ገጽ ያያል፤ እኛ ግልባጩን እንሰማለን። «ርዕስ፣ ደረጃ ሁለት» ብሎ ሲነግራችሁ ስለ ርዕሱ ያውቃል ማለት ነው። ኮፒ ስታደርጉ ግን የሚሰጣችሁ የግልባጩን ባዶ ፊደል ነው። ርዕሱ ተራ መስመር ይሆናል። ሊንኩ ስሙ ይቀርና አድራሻው ይጠፋል። አጠገባችሁ ያለው የሚያይ ጓደኛችሁ ያንኑ ገጽ በማውዝ ሲገለብጥ ግን ሁሉም እንዳለ ይመጣለታል። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው ለዚህ ነው። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ የገለበጣችሁት ከሁለት የተለያየ ወረቀት ነው።

ኤንቪዲኤ ከ2024.1 እትሙ ጀምሮ መፍትሔ አለው። ገጹ ላይ ሆናችሁ ኢንሰርት፣ ሺፍትና ኤፍ10 ተጫኑ። ከዚያ በኋላ የምትመርጡት ግልባጩ ላይ ብቻ ሳይሆን ብራውዘሩ ራሱ ላይም ይመረጣል። ኮንትሮልና ሲ ስትሉ ኮፒውን የሚያደርገው ብራውዘሩ ነው፤ ስለዚህ ርዕሱም ሰንጠረዡም ይመጣል። መጀመሪያ በፋየርፎክስ ነበር የገባው፤ ኋላ ክሮምና ኤጅም ተጨመሩ። ስለዚህ ሁለቱንም አድሱ፣ ኤንቪዲኤውንም ብራውዘሩንም። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በዚህ መንገድ ስትሄዱ «ኮፒ ሆኗል» የሚለው መልእክት አይመጣም። ዝም ይላል። ዝም ስላለ አልሠራም ብላችሁ አሥር ጊዜ አትጫኑት፣ እኔ አድርጌዋለሁ። ጆውስ ምርጫውን ቅንብሩ ውስጥ ነው የያዘው። ኢንሰርትና ቪ ብላችሁ ከግልባጩ ይሁን ከስክሪኑ ላይ ትመርጡለታላችሁ።

እንግዲያው ሁልጊዜ ከነፎርማቱ ልገልብጥ?

ኧረ በፍጹም! ከሦስት ዓመት በፊት የሆነውን ልንገራችሁ። ለአንድ መሥሪያ ቤት የማመልከቻ ደብዳቤ አዘጋጀሁ። የሥራውን ዝርዝር ከማስታወቂያው ገጽ ከነፎርማቱ ገልብጬ መሀል ላይ ከተትኩት። ስክሪን ሪደሬ ከላይ እስከታች አነበበልኝ፤ አንድ ፊደል አልጎደለም። ፍላሽ ይዤ ቱሉ ዲምቱ ወርጄ አሳተምኩት። ልጁ ሲሰጠኝ «ጋሼ፣ መሀሉ ባዶ ነው» አለኝ። የምን ባዶ? ገጹ ጥቁር ዳራ ላይ በነጭ የተጻፈ ኖሯል። ዳራው ሳይመጣ የፊደሉ ነጭነት ብቻ ተከትሎኝ መጥቷል። ነጭ በነጭ ላይ። ለጆሮ ሙሉ፣ ለዓይን ባዶ።

ስለዚህ የእኔ ደንብ ይህ ነው። ሰንጠረዥ፣ ሊንክ ወይም ብዙ ርዕስ ያለው ሰነድ ከሆነ ከነፎርማቱ። አንድ ሁለት አንቀጽ ከሆነ ጽሑፉን ብቻ። አዲሱ ወርድ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቪ ጽሑፉን ብቻ ያስገባል። አሮጌው ላይ በኮንትሮልና ቪ ካስገባችሁ በኋላ ኮንትሮልን ለብቻው ነካ አድርጋችሁ ልቀቁና ቲ ተጫኑ።

የማላየውን ፎርማት በጆሮ እንዴት ልፈትሽ? እንዴትስ ላጽዳ?

ኢንሰርትና ኤፍ። ጠቋሚው ያለበትን ቦታ የፊደል ዓይነት፣ መጠን፣ ቀለምና ስታይል ይነግራችኋል። ሁለቴ ስትጫኑት መረጃው በመስኮት ይከፈትና በቀስት ቀስ ብላችሁ ትሰሙታላችሁ። እኔ ፔስት ካደረግኩ በኋላ ሦስት ቦታ እፈትሻለሁ፦ ከመጣው ጽሑፍ አንድ መስመር በላይ፣ እላዩ ላይ፣ አንድ መስመር በታች። ሦስቱ አንድ ካልሆኑ ለሚያይ ሰው የተጣፈ ልብስ ነው የሚመስለው። አስተማሪ «ይህን ከየት ቀዳኸው?» የሚለው ያንን ጥፍ አይቶ ነው።

ለማጽዳት የመጣውን ምረጡና ኮንትሮልና ስፔስ በሉት። ቀለሙ፣ መጠኑ፣ ደማቁ ይለቃል። የአንቀጹ ቅርጽ፣ ማለትም ገባ ማለቱና የመስመር ርቀቱ፣ በኮንትሮልና ኪው ይስተካከላል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤፍ9 ሊንኮቹን ወደ ተራ ጽሑፍ ይመልሳል። ርዕሱን እንደገና ርዕስ ለማድረግ ኮንትሮል፣ አልትና 1፤ ንዑስ ርዕስ ከሆነ 2። ርዕስ ብላችሁ ፊደሉን ብቻ አታደምቁ። ደማቅ ፊደል ለዓይን ርዕስ ይመስላል እንጂ ለስክሪን ሪደር ተራ መስመር ነው፤ ነገ እናንተው በሰነዱ ውስጥ ስትፈልጉት ታጡታላችሁ።

ሌላው ጣጣ ባዶ መስመር ነው። ከድረ ገጽ የመጣ ጽሑፍ በየአንቀጹ መሀል ሁለት ሦስት ባዶ መስመር ይዞ ይመጣል። ኮንትሮልና ኤች ክፈቱና መፈለጊያው ላይ የኮፍያ ምልክትና ትንሿን ፒ ሁለቴ ጻፉ፤ ኮፍያው ሺፍትና 6 ነው። መተኪያው ላይ ያንኑ አንዴ። «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ምንም አላገኘሁም እስኪል ድጋሚ ድጋሚ ተጫኑ። አንዳንዴ የሰነዱ ጫፍ ላይ አንድ ግትር መስመር ይቀራል፤ እሱን በእጅ አጥፉት።

ሰንጠረዥ ብቻ ነጥዬ ማውጣት እፈልጋለሁ።

ቲ ተጫኑ፤ ቀጣዩ ሰንጠረዥ ውስጥ ትገባላችሁ። ኮንትሮልና አልት ከቀስት ጋር ከሳጥን ሳጥን ያዞራችኋል። ለመገልበጥ፦ የብራውዘሩን ምርጫ አብሩ (ያው ኢንሰርት፣ ሺፍትና ኤፍ10)፤ ሺፍትና ኮማ ወደ ሰንጠረዡ መጀመሪያ፤ ኢንሰርትና ኤፍ9፤ ኮማ ብቻውን ሰንጠረዡን አልፎ ይወጣል፤ ኢንሰርትና ኤፍ10 አንዴ፤ ኮንትሮልና ሲ። ኤክሴል ላይ ፔስት አድርጉት። የብራውዘሩን ምርጫ ካላበራችሁ ሳጥኖቹ ተበታትነው በየመስመሩ ይሰለፋሉ፤ የማን ውጤት የማን እንደሆነ መለየት ይቸግራል።

የአማርኛ ጽሑፍ ኮፒ ሳደርግ ለብቻው የሚመጣ ጣጣ አለ?

አለ። የመጀመሪያው አራት ነጥብ ነው። ብዙ ሰው «።» በማድረግ ፈንታ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ሁለቴ ይመታል። ለዓይን አንድ ነው የሚመስለው። ለስክሪን ሪደር ግን የዓረፍተ ነገር መጨረሻ አይደለም፤ ወይ ሳያርፍ ይነጉዳል፣ ወይ «ኮለን ኮለን» እያለ ያደነቁራል። ፔስት እንዳደረጋችሁ በኮንትሮልና ኤች ወደ እውነተኛው አራት ነጥብ ቀይሩት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ንባቡ ግን እፎይ ይላል።

ሁለተኛው ሞክሼ ፊደል ነው። ገጹ ውስጥ በኮንትሮል፣ ኢንሰርትና ኤፍ «ስራ» ብላችሁ ፈልጋችሁ «አልተገኘም» ካላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ «ሥራ» ብላችሁ ሞክሩ። ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ሁለት። ፀሐይን በስንት መንገድ መጻፍ እንደሚቻል ቁጠሩና ችግሩ ይገባችኋል። የሥራ ማስታወቂያ በዚህ ያመለጠው ሰው አውቃለሁ።

በስልክስ?

ለአጭር ነገር ስልክ ይበቃል፤ ለረጅም ግን ትዕግሥት ይጨርሳል። አንድሮይድ ላይ ቶክባክ የሚባለው የስልኩ ስክሪን ሪደር የመጨረሻውን ያነበበውን ኮፒ ያደርጋል፦ የቶክባክን ሜኑ ትከፍቱና «የመጨረሻውን ንግግር ኮፒ አድርግ» የሚለውን ትመርጣላችሁ። በአዳዲሶቹ ስልኮች ሜኑው በሦስት ጣት አንዴ መታ በማድረግ ይከፈታል። አይፎን ላይ ሜኑ ሳያስፈልግ በሦስት ጣት አራቴ መታ መታ ስታደርጉ የመጨረሻው ንግግር ኮፒ ይሆናል። ስልክ ቁጥር ወይም አድራሻ ለመውሰድ ከዚህ የሚፈጥን የለም። የሚገለብጠው የተነገረውን ስለሆነ ግን «ሊንክ» የሚል ቃል አብሮ ሊገባ ይችላል። ከመላካችሁ በፊት አንዴ አዳምጡት።

ፒዲኤፍ ገልብጬ የማይገባ ነገር ይመጣል። አማርኛው የት ሄደ?

ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ከዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ከሚግባቡበት የፊደል ኮድ፣ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ነው፤ ፓወር ግዕዝና መሰሎቹ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ቦታ ተውሰው የአማርኛ ሥዕል ይሥሉበታል። ለዓይን «ሀገር»፣ ለስክሪን ሪደር የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅ። ፎንቱን መጫን ለእኛ አይረዳም፤ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም ነው የሚያስፈልገው። የቆየ ሃንድአውት ላይ ዛሬም ያጋጥማል።

ሁለተኛው ስካን ነው። ፎቶ ነውና የሚገለበጥ ፊደል የለውም። ኤንቪዲኤ ላይ ኢንሰርትና አር ፎቶውን ያነባል፤ የሚጠቀመው ግን የዊንዶውስን ማንበቢያ ስለሆነ ለአማርኛ አይሆንም። ቴሰራክት የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የአማርኛ ጥቅል አለው። ጥርት ባለ ስካን ጥሩ ይሠራል፣ በደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ደግሞ ያሳቅቃል።

ሦስተኛው ዓምድ ነው። ነጋሪት ጋዜጣን አስቡት፤ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ናቸው። አንዳንዱ ፋይል ሲገለበጥ አንድ መስመር አማርኛ፣ አንድ መስመር እንግሊዝኛ እያፈራረቀ ይመጣል። እኔ ወርድ ላይ አውጥቼ እንግሊዝኛውን መስመር እየመረጥኩ አጠፋለሁ። ብልሃት የለውም፤ ቡና ይዞ መቀመጥ ነው።

ገጹ ኮፒ ከከለከለስ? ብገለብጥስ ሌብነት ነው?

አንዳንድ ገጽ ማውዝን ይከለክላል እንጂ የስክሪን ሪደሩን ግልባጭ አይነካም፤ ስለዚህ በእኛ በኩል ኮፒ ይሆናል። (ለአንዴ እንኳ እኛ የቀደምንበት ነገር አለ።) ቴሌግራም ላይ ቻናሉ ቆልፎት ከሆነ ግን ባለቤቱን ጠይቁ።

ለራሳችሁ ልታነቡ መገልበጥና የሰው ጽሑፍ በራሳችሁ ስም ማስረከብ የተለያየ ነገር ነው። የማራካሽ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው ማየት የተሳናቸው ሰዎች የታተመን ሥራ በሚያነቡት መልክ እንዲያገኙ ለማድረግ ነው። ኢትዮጵያም በ2020 ተቀላቅላለች። ይህ ግን አሳይመንት ላይ ምንጭ ከመጥቀስ አያድንም። ስትገለብጡ የገጹን አድራሻ አብራችሁ ያዙ፦ አልትና ዲ፣ ኮንትሮልና ሲ።

ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ዓይነ ስውር ደንበኛ ፍላሽ ይዞ ሲመጣ ምን ላድርግ?

ዝም ብለህ አታትም፣ ዝም ብለህም አታስተካክል። ያየኸውን ንገረው፦ «ሁለተኛው አንቀጽ ፊደሉ ያንሳል፣ እዚህ ጋ ሰማያዊ ነው፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ አለ»። ምን እንደሚፈልግ እሱ ይወስን። ብዙ ጊዜ ራሱ ቁልፉን ያውቀዋል፤ ያጣው የሚያይ ዓይን ነው። ኪቦርዱን ስጠው።

ካስተካከልክለት ደግሞ ፋይሉን ፍላሹ ላይ መልሰህ ሴቭ አድርግለት። ወረቀቱን ብቻ ይዞ ከሄደ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ነጭ በነጭ ፋይል ይዞልህ ይመጣል።